ኤምባሲያችን ፊቱን ወደ ማን ያዙር?

ያደግኩት ፈረንሳይ ለጋሲዮን ነው። አራት ኪሎ ላይ የታክሲ ረዳት «ፈረንሳይ! ፈረንሳይ!» እያለ ሲጣራ ፓሪስ ትዝ አይለንም። ወደ ቤት መግቢያችን ነው። የሰፈሩ ስም የመጣው በረጅም አጥር ከተከለለው፣ ዛፍ ከሞላው የፈረንሳይ ኤምባሲ ግቢ ነው። ልጅ ሆነን በአጥሩ ሥር ስናልፍ ውስጡ ምን እንዳለ እንገምት ነበር። የሌላ ሀገር ሰዎች ያን ያህል መሬት ይዘው እዚያ ለምን እንደተቀመጡ ግን የነገረን አልነበረም።

ታሪኩን ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው። ከአድዋ ድል በኋላ የአውሮፓ መንግሥታት ተራ በተራ ወደ አዲስ አበባ መጡ። የእንግሊዙ መልእክተኛ ሬኔል ሮድ በ1889 ዓ.ም. ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር ውል ተፈራረመ። ፈረንሳይና ሩሲያ መጡ። ትናንት የተሸነፈችው ጣሊያንም ወኪሏን ላከች። ምኒልክ በከተማው ሰሜንና ምሥራቅ፣ ከእንጦጦ ግርጌ፣ ሰፋፊ ቦታ ሰጧቸው። ለእንግዳ ክብር ብቻ የሰጡት አይመስለኝም። እዚያ የተሰቀለው እያንዳንዱ ባንዲራ ለኢትዮጵያ ነፃነት ምስክር ነበር። ነፃ ላልሆነ ሀገር ንጉሥ የሹመት ደብዳቤ የሚያቀርብ የለምና።

የአድዋ ጦርነት ራሱ ከዚህ ጉዳይ ጋር የተያያዘ ነው። የውጫሌ ውል አንቀጽ 17 ጠብ ያመጣው፣ ኢትዮጵያ ከሌሎች መንግሥታት ጋር በራሷ ትነጋገር ወይስ በጣሊያን በኩል በሚለው ጥያቄ ነው። ያ ሁሉ ሰው ከየሀገሩ በእግሩ ተጉዞ የሞተው፣ ከሌላው ነገር ሁሉ ጋር፣ በዓለም ፊት ለራሳችን እኛው እንቁም ብሎ ነው። ስለዚህ ኤምባሲ ሲባል ለእኛ ተራ መሥሪያ ቤት አይደለም። ደም የፈሰሰበት መብት ነው። ኤምባሲዎቻችን ላይ ቅር ስሰኝም ይህን አልረሳም። ቅሬታዬ የሚበረታውም ከዚሁ የተነሳ ነው።

ከታሪካችን አንድ ኤምባሲ ልጥቀስ። ለንደን፣ ፕሪንስስ ጌት የሚባለው መንገድ ላይ፣ ከሃይድ ፓርክ ማዶ ያለው ቤት ነው። ዛሬም ኤምባሲያችን ያለው እዚያ ነው። የፋሺስት ጣሊያን ወረራ ሲጀመር የኢትዮጵያ ሚኒስትር፣ ማለትም የመንግሥት ወኪል፣ ሆነው እዚያ የነበሩት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ናቸው። እሳቸውም የሚገርም ሰው ነበሩ። ከመቅደላ ጦርነት በኋላ እንግሊዞች ሕፃን ሳሉ ወሰዷቸው፤ ሕንድ አደጉ፤ ሐኪም ሆኑ፤ ኋላም ሀገራቸውን ፈልገው ተመለሱ። ለንደን ሳሉ ለጋዜጣ ጻፉ፣ ገንዘብ አሰባሰቡ፣ የወዳጆችን በር አንኳኩ። ሁለት ወንዶች ልጆቻቸውን ግን ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ ጣሊያኖች አዲስ አበባ ላይ ገደሉባቸው። በ1931 ዓ.ም. የእንግሊዝ መንግሥት ጣሊያን ኢትዮጵያን መያዟን በይፋ ተቀበለ። አስቡት። ሀገሩ ተይዟል፣ ንጉሡ በስደት ናቸው፣ የተላክህበት መንግሥትም ሀገርህ የለችም ብሎ ፈርሟል። የቀረ ነገር ቢኖር አንድ ቤትና «አለን» የሚሉ ጥቂት ሰዎች ነበሩ።

ይህ የውጭ ጉዳይ ሥራችን መሠረት ነው። በ1916 ዓ.ም. ወደ መንግሥታት ማኅበር የገባነው፣ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ ጄኔቫ ላይ የተናገሩት፣ በ1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት አዲስ አበባ ላይ የተመሠረተው በዚህ መንፈስ ነው። ዲፕሎማቶቻችን ለመንግሥታት ፊት መቆምን ያውቁበታል። በዚህ የምኮራው ከልቤ ነው።

ነገር ግን ያ አገልግሎት ሲገነባ በውጭ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነበር። ተማሪ፣ ነጋዴ፣ ጥቂት ባለሥልጣን። ተማሪውም ትምህርቱን ሲጨርስ ወደ ሀገሩ ይመለሳል። ኤምባሲው የሚያውቀው ሥራ ዙፋንን በዙፋን ፊት መወከል ነበር። ከዚያ 1966 መጣ። ቀይ ሽብር መጣ። ሰው በሱዳን፣ በኬንያ፣ በጂቡቲ በኩል ወጣ። የዚያ ትውልድ ስደተኛ ኤምባሲውን የሚያውቀው ሊርቀው የሚገባ ቦታ አድርጎ ነው። ቀጥሎ ደግሞ የዓረብ ሀገር ሥራ መጣ፤ በኮንትራት የሄደች አለች፣ በባሕር የሄደ አለ። በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ወደ ውጭ ሰው የማይልክ ሀገር ሰው የሌለበት ቦታ የሌለው ሀገር ሆነ። የኤምባሲው አሠራር ግን ከዚህ ጋር እኩል አልተራመደም። የችግሩ ሥር ይኸ ነው ብዬ አምናለሁ። ሰዎቹ ክፉ ስለሆኑ አይደለም። ቤቱ ሲሠራ ፊቱ ወደ ቤተ መንግሥት ስለነበር ነው።

በሕጉ ሁለቱም ሥራዎች አሉ። የዲፕሎማቲክ ግንኙነት የቪየና ስምምነት፣ እ.ኤ.አ. የ1961ዱ፣ በአንቀጽ 3 የኤምባሲን ሥራ ሲዘረዝር መጀመሪያ ሀገርን መወከል ይላል፤ ወዲያው ቀጥሎ የሀገርንና የዜጎችን ጥቅም ማስጠበቅ ይላል። የቆንስላው ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1963 ወጣ። ፓስፖርት መስጠት፣ ልደትና ጋብቻ መመዝገብ፣ ውክልና ማረጋገጥ፣ የታሰረን መጎብኘት፣ የተቸገረን ዜጋ መርዳት የቆንስላ ሥራ ነው። በአጭሩ ኤምባሲ በዋና ከተማ ተቀምጦ ከመንግሥት ጋር ይነጋገራል። ቆንስላ ሰው ባለበት ይከፈታል። ሪያድ ኤምባሲ፣ ጅዳ ቆንስላ።  ኤምባሲዎችም ውስጥ የቆንስላ ክፍል አለ፤ ብዙዎቻችን ኤምባሲ የምንለው እሱኑ መስኮት ነው።

ኤምባሲ ምን ያህል ከባድ ነገር እንደሆነ ለማየት ከአዲስ አበባ መውጣት አያስፈልግም። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ሁለት ግቢዎች ውስጥ የሆነውን ማስታወስ ይበቃል። አንደኛው የጣሊያን ኤምባሲ ነው። ደርግ ሲወድቅ አራት ከፍተኛ ባለሥልጣናት እዚያ ገብተው ተጠለሉ። ሁለቱ እዚያው ግቢ ውስጥ ሕይወታቸው አለፈ። ብርሃኑ ባየህና አዲስ ተድላ ግን እስከ ታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. ድረስ ቆዩ። ሃያ ዘጠኝ ዓመት! ሞት ተፈርዶባቸው ነበር፤ ጣሊያን ደግሞ ሞት ለሚጠብቀው ሰው አሳልፌ አልሰጥም አለች። የኢትዮጵያ መንግሥት በሩን ሰብሮ መግባት አይችልም ነበር፣ ስምምነቱ ይከለክላልና። አልገባምም። የሰዎቹ ጥፋት ሌላ ጉዳይ ነው፣ ስለሱ እዚህ አልከራከርም። እኔ የማየው አጥሩን ነው። ያ አጥር በዓለም ላይ ከሚገኙ ጠንካራ ግድግዳዎች አንዱ ነው፤ የሚያቆመው ደግሞ ድንጋዩ ሳይሆን ቃል ነው።

ሁለተኛው የእስራኤል ኤምባሲ ነው። ግንኙነቱ በ1966 ተቋርጦ በ1982 ዓ.ም. ሲታደስ፣ ከጎንደር የመጡ ቤተ እስራኤላውያን በብዛት አዲስ አበባ ገቡ። ልጆች የሚማሩት፣ ቤተሰብ የሚመዘገበው በኤምባሲው ዙሪያ ነበር። ኢሕአዴግ ከተማዋን ሊይዝ ሲቃረብ፣ ግንቦት 16 እና 17፣ ቤተሰቦቹ በዚያ ግቢ እየተመዘገቡ በአውቶቡስ ወደ ቦሌ ተጓዙ። በአንድ ቀን ተኩል ገደማ ከ14 ሺህ በላይ ሰው ወጣ። ከዚያ በኋላ እስራኤል ውስጥ የገጠማቸው መገፋት ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። በእነዚያ ሁለት ቀናት ግን አንድ ኤምባሲ «የኔ ሰው» የሚለውን ለይቶ አውቆ፣ ቆጥሮ፣ አሳፈረ። የዘመዶቻቸው ስም ሳይካተት የቀረባቸውን ሰዎች ዕንባም አልረሳውም። የአንድ ኤምባሲ መዝገብ ሕይወትን እንደሚወስን የሚያሳይ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አላውቅም።

አሁን ወደ ራሳችን ደጃፍ ልምጣ። ለመጻፍም ይከብዳል።

በየካቲት 2004 ዓ.ም. ቤሩት፣ ከቆንስላችን ደጃፍ፣ አንዲት ኢትዮጵያዊት እናት ወንዶች እየጎተቱ መኪና ውስጥ ሲያስገቧት በቪዲዮ ተቀረጸ። ቪዲዮው በሊባኖስ ቴሌቪዥን ታየ። ከተጎተተች ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሆስፒታል ውስጥ ሕይወቷ አለፈ። እሷ ልትገባበት የሞከረችው በር የሀገሯ በር ነበር። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ፣ በኮሮናው ወቅት፣ የሊባኖስ ገንዘብ ወደቀና አሠሪዎች በዶላር መክፈል አቃታቸው። ማዳሞቹ ሠራተኞቻቸውን ከነሻንጣቸው፣ አንዳንዶቹን ያለ ደመወዝና ያለ ፓስፖርት፣ መኪና ላይ ጭነው ቆንስላው ደጅ ላይ ጣሏቸው። ሴቶቹ አስፋልት ዳር ፍራሽ አንጥፈው አደሩ። ፎቶው በዓለም ዜና ዞረ። ያን ጊዜ የሊባኖስ የሥራ ሚኒስቴር መጥቶ የተወሰኑትን ሆቴል አስገባ። በስተጀርባቸው ግን የእኛ ባንዲራ ነበር።

ከዚያ በፊት በጥቅምት 2006 ዓ.ም. መጨረሻ ሳዑዲ ዓረቢያ ኢቃማ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃድ፣ የሌለውን ማፈስ ስትጀምር፣ ሪያድ መንፉሃ በሚባለው ሰፈር ውስጥ የሆነውን ሁላችንም እናስታውሳለን። በጥቂት ወራት ከ160 ሺህ በላይ ሰው ተመለሰ። የሕይወት ሰነድ የነበረው ሊሴ ፓሴ፣ በፓስፖርት ፈንታ የሚሰጠው የመመለሻ ወረቀት ነው። ያቺ ወረቀት ከሌለች አውሮፕላን የለም፤ አውሮፕላን ከሌለ ተርሂል በሚሉት የማባረሪያ እስር ቤት ውስጥ መክረም ነው። ያን ሰሞን ዲፕሎማቶች ቀን ከሌሊት ሠርተዋል፤ ይህን መካድ ግፍ ነው። በዓለም ዙሪያ ያለ ኢትዮጵያዊም በየከተማው የሳዑዲ ኤምባሲ ደጅ ላይ ወጥቶ ጮኸ። ያኔ ያስተዋልኩት ነገር አለ። ሕዝባችን አቤቱታ ሲኖረው የሌላ ሀገር ኤምባሲ በር ያውቃል። የራሱን በር ግን አቤት የሚልበት ቦታ አድርጎ አያስበውም።

ለምን? የአክስቴ ልጅ የሆነባት ነገር ትንሽ ይመልሰዋል። እንደ እህቴ ናት፣ አብረን ነው ያደግነው። በኮንትራት ወደ አንድ የዓረብ ከተማ ሄደች። ፓስፖርቷን ማዳም ወሰደችው፣ እንደተለመደው። ደመወዝ መጀመሪያ ይዘገይ ነበር፤ በኋላ ጭራሽ ቀረ። ስልኳንም ቀሟት። አንድ ቀን ማለዳ ቆሻሻ ልትጥል ወጥታ አልተመለሰችም። ታክሲ ለመነች፣ የታክሲው ሰውዬ ፓኪስታናዊ ነበር፣ በነፃ ወሰዳት። እንዲህ አለችኝ፦ «ባንዲራውን ከሩቅ ሳየው ጉልበቴ ከዳኝ። በቃ ደረስኩ አልኩ፣ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።»

በሩ ላይ የጠበቃት ሰው ግን ፓስፖርት ጠየቃት።

«ማዳም ጋ ነው።»

«ኢቃማሽስ?»

«እሱም እሷ ጋ ነው፣ ወንድሜ።»

«እንግዲያው ካፊልሽን ይዘሽ ነይ። ያለሱ ምንም አናደርግልሽም።»

ካፊል ማለት ቪዛዋን የያዘው አሠሪ ነው፤ ከሸሸችው ሰው ጋር ተመልሰሽ ነይ ማለቱ ነው። ሰውዬው ጨካኝ አልነበረም ትላለች። ድምፁም አልከፋም። የተነገረውን መመሪያ ነው የነገራት። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ እሱ ሲነሳ ነገሩ ይስተካከላል። መመሪያው ግን ከካፊሉ ጎን ቆሞ ነበር።

ያዳኗት ሴቶች ናቸው። እዚያው ደጅ ላይ ያገኘቻት አንዲት የወሎ ልጅ ወደ ቤቷ ወሰደቻት። አምስት ስድስት ሆነው በአንድ ክፍል የሚኖሩ፣ ዕቁብ የሚጥሉ፣ ለታመመች የሚያዋጡ ሴቶች። በየዓረብ ከተማው እንዲህ ያሉ ቤቶች አሉ። ሥራ የሌላትን ያስቀምጣሉ፣ የሞተችን አስከሬን ለማሳፈር ገንዘብ ይሰበስባሉ። የሀገራችን ቆንስላ ማለት በብዙ ከተማ እነሱ ናቸው ብል ማጋነን አይደለም። ደመወዝ የላቸውም፣ መኪናቸው ላይ ሰንደቅ አይውለበለብም። አንዳንዶቹ ራሳቸው ኢቃማ የላቸውም።

በመጨረሻ ሊሴ ፓሴውን የሰጣት ያው ከበሩ የመለሳት ቤት ነው። ሴቶቹ ቀኑን አጥንተው ሌላ ሠራተኛ በሚገኝበት ሰዓት ይዘዋት ሄዱ። አንዲት በዕድሜ ገፋ ያለች ሴት ናት ያስተናገደቻት። ወንበር ሰጠቻት፣ ውሃ አመጣችላት፣ ከዚያ «እህቴ፣ ከየት ነሽ? እናትሽ ስልክ አላቸው?» ብላ ጀመረች። የቀበሌውን፣ የትምህርት ቤቱን፣ የአባቷን ስም አጣርታ ኢትዮጵያዊነቷን አረጋገጠች። ማዳሟ ጋ ደወለች። ከደመወዙ የተወሰነውንም አስከፈለች። ሕጉ ያው ነው፣ ሕንፃውም ያው ነው። የተለየው ጥያቄው ከየት እንደጀመረ ብቻ ነው።

ለዲፕሎማቶቹም ፍትሐዊ መሆን አለብኝ። ብዙ ሰው ኤምባሲ ማድረግ የማይችለውን ይጠብቃል። ቆንስላ እስረኛ ማስፈታት አይችልም፣ የተቀባዩን ሀገር ሕግ መጣስ አይችልም፣ ፖሊስ ጣቢያ ገብቶ ማዘዝ አይችልም። ሠራተኛዋን ከካፊሏ ጋር የሚያስረውን፣ ካፋላ የሚባለውን አሠራር የፈጠሩት እነዚያ ሀገሮች ናቸው። የእኛ ቆንስላ ባለሙያ ቁጥራቸው ለከተማ የሚበቃ ሰዎችን ከጥቂት ባልደረቦች ጋር ይዞ ይሠራል። ጠዋት የሞተ ሰው ቤተሰብ ያናግራል፣ ቀትር ላይ እስር ቤት ይሄዳል፣ ማታ ለሚመጣ የልዑካን ቡድን ቦሌ እንደሚደረገው መቀበያ ያዘጋጃል። ከእነዚህ ሦስቱ በሹመትና በዕድገት የሚታይለት የትኛው እንደሆነ ግን መገመት አይከብድም። እዚህ ላይ ነው መለወጥ ያለበት።

አሜሪካ ደግሞ ጉዳዩ ሌላ መልክ አለው። እዚህ ፓስፖርት የሚቀማ ማዳም የለም። እዚህ ያለው ጠብ ፖለቲካ ነው። ዋሽንግተን፣ ኢንተርናሽናል ድራይቭ ላይ ያለው ኤምባሲያችን ለብዙ ዓመታት ከበሩ ውጭ ሰልፍ፣ ከበሩ ውስጥ ጭንቀት ነበር። መስከረም 19 ቀን 2007 ዓ.ም. ተቃዋሚዎች ግቢው ገብተው ባንዲራ ሲያወርዱ አንድ ሰው ሽጉጥ ተኮሰ፤ ደግነቱ ማንም አልተጎዳም። ኮከብ ያለው ባንዲራና ኮከብ የሌለው ባንዲራ በአንድ መንገድ ዳርና ዳር ሲፋጠጡ ያላየ የዲሲ ነዋሪ የለም። የትኛው ወገን ገዢ እንደሆነ ይቀያየራል፤ የሚቆመው ሰው ይቀያየራል። ፍጥጫው ግን ይቀጥላል።

ሰልፍ መውጣት መብት ነው፣ ኤምባሲም ለዚያ ትክክለኛ አድራሻ ነው። የሚያሳዝነኝ ሌላ ነገር ነው። ለዓመታት ውክልና ለመላክ ወደ ኤምባሲው የገባ ሰው «ምን ሊሠራ ገባ?» ተብሎ ይታማ ነበር። ውስጥ ያሉትም ወደ ውጭ ሲያዩ የሚታያቸው ደጋፊና ተቃዋሚ ነበር። የአባቱን ቤት ውርስ የሚጨርስ፣ ቢጫ ካርድ የሚሉትን የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ የሚያወጣ፣ እናቱን ሊቀብር አስቸኳይ ቪዛ የሚለምን ሰው መሆኑ ቀርቶ። ኤምባሲ በውጭ መንግሥት ፊት መንግሥትን ይወክላል፣ ይህ ግልጽ ነው። በራሱ ሰው ፊት ግን መንግሥትን መወከል የለበትም ብዬ ነው የማምነው። በመስኮቱ በኩል የሚታየው ሀገሪቱ ብቻ መሆን አለባት። መንግሥትን የጠላ ሰው አባት ሲሞትበት የሚያስፈልገው ወረቀት፣ መንግሥትን የወደደው ከሚያስፈልገው ጋር አንድ ነው።

ደግ ነገርም አይቻለሁ፣ እሱን ልንገራችሁ። ለእናቴ ቤት ጉዳይ ውክልና ልሰጥ በተቀመጥኩበት አንዲት እናት ነጠላቸውን አጣፍተው ገቡ። ቅጹን ይዘው ወደ መስኮቱ ተጠጉ።

«የኔ ልጅ፣ ማንበብ አልችልም። ኮንዶሚኒየሙን ለወንድሜ ልጅ ላድርግለት ብዬ ነው።»

ወጣቱ ሠራተኛ ከመስኮቱ ጀርባ ተነስቶ በበሩ ዞሮ መጣ።

«እማማ፣ ይቀመጡ። እኔ ልሙላልዎት። ግን መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ እንዲያስተዳድረው ነው ወይስ እንዲሸጠውም?»

«መሸጥማ የለም! አከራይቶ ብሩን ለእህቴ እንዲሰጣት ነው።»

«እንደዚያ ከሆነ መሸጥ መለወጥ የሚለውን እናውጣው።»

ያ ልጅ ያወጣው አንድ ሐረግ ነው። ውክልናው አዲስ አበባ ሄዶ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማኅተም ተመትቶበት፣ ሰነዶች ማረጋገጫ ሲደርስ፣ እኚያ እናት ቤታቸው እጃቸው ላይ አለ። በውጭ የሚኖር ስንት ሰው «ለመሸጥ ለመለወጥ» የሚል ቅጽ ሳያነብ ፈርሞ ቤቱን አጥቷል! ከዚህ የበለጠ ሀገርን መወከል ምን እንደሆነ እኔ አላውቅም። የዚያን ልጅ ሥራ ግን ማንም በዜና አያወራውም።

በሰኔ 2013 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ለፓርላማ፣ 60 ገደማ ኤምባሲና ቆንስላ እንደማያስፈልገንና ቢያንስ 30 ያህሉ መዘጋት እንዳለባቸው ተናገሩ። ከዚያ በኋላ የተዘጉም ነበሩ። የውጭ ምንዛሪ እጥረት ያለበት ሀገር ወጪውን ማየቱን አልቃወምም። ሥራ የሌለበት ኤምባሲ ቢዘጋ የሚጎዳው የለም። የምከራከረው በመለኪያው ላይ ነው። የትኛው ይቅር፣ የትኛው ይቆይ ሲባል የመጀመሪያው ጥያቄ «እዚያ ስንት ሰው አለን? የሚደርስለትስ ሌላ ማን አለ?» መሆን አለበት። አውሮፓ ውስጥ ያለ ዜጋ ጠበቃ መቅጠር ይችላል፣ ባቡር ተሳፍሮ ጎረቤት ሀገር ካለው ኤምባሲ ጉዳዩን መጨረስ ይችላል። ቤሩት አንድ ክፍል ውስጥ የተቆለፈባት ልጅ አትችልም። ገንዘቡ ከአንዱ ሲነሳ ወደ ሌላው መሄድ አለበት።

ይህ ደግሞ ያልተሞከረ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1995 ሲንጋፖር አንዲት ፊሊፒናዊት የቤት ሠራተኛን በስቅላት ቀጣች። ፊሊፒንስ ውስጥ ሕዝቡ አደባባይ ወጣ። ቁጣው በሲንጋፖር ላይ ብቻ አልነበረም፤ «የኛ ኤምባሲ የት ነበር?» የሚል ነበር። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሥልጣን ለቀቁ። በዚያው ዓመት አንድ ሕግ ወጣ፣ ቁጥሩ 8042። ያ ሕግ ውጭ የሚሠሩ ዜጎችን መጠበቅ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩና የኤምባሲዎች ሁሉ ከፍተኛው ቀዳሚ ጉዳይ ነው ይላል። ሠራተኛ በብዛት ባለበት ሀገር ኤምባሲው ግቢ ውስጥ የዕርዳታና የመጠለያ ማዕከል እንዲኖር ያዛል። ፊሊፒኖች ችግራቸው አለቀ ማለት አይደለም፣ ዛሬም ይበደላሉ። ነገር ግን ኩዌት ወይም ሪያድ ያለች ፊሊፒናዊት ስትሸሽ ወዴት እንደምትሮጥ ታውቃለች። የእኛዎቹ ልጆች ራሳቸው ይህን ያውቃሉ። «ፊሊፒኖዎቹ ኤምባሲ አላቸው» ይላሉ። ይህን ዓረፍተ ነገር ከየቤቱ ሰምቼዋለሁ፤ በሰማሁት ቁጥር ያመኛል። እኛም አለን። ከአድዋ ጀምሮ አለን።

የእኛ ሀገር ሕግም ባዶ አይደለም። የውጭ ሀገር ሥራ ስምሪት አዋጅ 923/2008 ወጥቷል፣ በ2013 ተሻሽሏል፤ ኤጀንሲዎች ኃላፊነት አለባቸው። የጎደለው በየከተማው የሠራተኛን ጉዳይ ብቻ የሚይዝ በቂ ሰው ነው። ለተባረረች ልጅ የማደሪያ ክፍል ነው። ሌሊት የሚነሳ ስልክ ነው። ዓረብኛ የሚችል ጠበቃ ነው። እነዚህ ታላላቅ ነገሮች አይደሉም፣ የአንድ ትልቅ ግብዣ ወጪ የማይበቃቸውም አይደሉም። ለህዳሴው ግድብ ቦንድ ሲሸጥ ኤምባሲዎቻችን እያንዳንዱን ኢትዮጵያዊ ፈልገው አግኝተውታል፤ በየቤተ ክርስቲያኑ፣ በየመስጊዱ፣ በየአዳራሹ ሄደዋል። መፈለግ ሲፈልጉ ማግኘት ይችላሉ።

ይህን ከምታነቡት መካከል እህቱ ወይም ልጁ ሰሞኑን ወደ ዓረብ ሀገር የምትሄድበት ካለ፣ ከመንገዷ በፊት ጥቂት ነገር አድርጉላት። የፓስፖርቷንና የኮንትራቷን ገጾች በስልካችሁ ፎቶ አንስታችሁ ለእናቷም ለአጎቷም ላኩ፤ ዋናው ሲቀማ ማንነቷን ለማረጋገጥ የሚፈለገው እሱ ነው። የልደት ካርዷን ወይም የቀበሌ መታወቂያዋን ኮፒ ቤት አስቀሩ። የኤምባሲውን ወይም የቆንስላውን ስልክ ስልኳ ላይ ብቻ አትመዝግቡላት፣ ስልክ ይቀማል፤ በወረቀት ጽፋ ልብሷ ውስጥ ትስፋው፣ በቃሏም ትያዘው። ብትታሰር ደግሞ አንድ ነገር እንድትል አስተምሯት። ሳዑዲም፣ ሊባኖስም፣ ኩዌትም የቆንስላ ስምምነቱን ተቀብለዋል። በአንቀጽ 36 መሠረት የታሰረ የውጭ ዜጋ ከጠየቀ ለቆንስላው ሳይዘገይ መነገር አለበት። መጠየቅ ግን አለባት። በዓረብኛ «አና ሐበሺያ፣ ኡሪድ ሲፋረቲ» ትበል፤ ኢትዮጵያዊት ነኝ፣ ኤምባሲዬን እፈልጋለሁ ማለት ነው። ደጋግማ ትበለው። እናንተም ካላችሁበት ሆናችሁ ደውሉ። ካልተነሳ እንደገና ደውሉ፣ ያነሳውን ሰው ስምና ቀኑን ጻፉ።